የታጠነው ብልቃጥ

«አንቺ የሚዛን ልጅ ነሽ፤ ይኸ ደግሞ ሕይወት ነው» አሉኝ ጋሼ ሙላት ፊት ለፊቴ፣ የሻይ ብርጭቆውን እንኳ ከእጃቸው ሳያስቀምጡ።

ጋሼ ሙላት አሠሪየ ናቸው። ይኸን ያሉኝ ባለፈው ሳምንት፣ ወረታ ባሠሩት አዲስ ሕንፃ፣ ዙሪያው መስታወት በሆነው ቢሮአቸው ውስጥ ነው። የፈለጉት ነገር ለእርሳቸው ቀላል ነበር። ይፋግ ሄጄ ለወተት አቅራቢዎቹ ሴቶች «ወተታችሁ ውስጥ መድኃኒት ተገኝቶ ነበር፤ አሁን ስለታረማችሁ ይቅር ተብላችኋል» እንድላቸው። ይኸን ካልሁ ባሕር ዳር ለሥልጠና እላካለሁ፤ ስመለስም ነጭ ጋወን ለብሼ ከአዲሱ መመርመሪያ ማሽን ፊት እቀመጣለሁ። ያችን ወንበር ለዓመታት ስጠብቃት ኖሬአለሁ። ችግሩ፣ ወተቱ ውስጥ መድኃኒት አልነበረም። እኔም አውቃለሁ፣ እርሳቸውም ያውቃሉ።

ሰው ሲናደድ የሚናገረው ይጠፋዋል ይባላል፤ እኔ ስናደድ የሚመጣብኝ የድሮው ቆርቆሮ ቤት ነው። ገና ሃያ ስምንት ዓመቴ ስለሆነ «አንቺ ደግሞ የምን ትዝታ አለሽ» የሚለኝ አይጠፋም። ወረታ ኖሮ ያየ ግን ይፈርድልኛል። ትናንት ከብት የዋለበት ሜዳ ዛሬ ሩዝ ነው፣ ሩዝ የነበረው ሽንኩርት ነው፣ ሽንኩርት የነበረው ሕንፃ ነው፤ ሕንፃው ውስጥ ያለው ሰው ደግሞ ትናንት ማን እንደነበረ ጨርሶ ረስቶታል። አንድ ሰው ማስታወስ አለበት። እኔ ደግሞ የማልረሳ ሆኜ ተፈጠርሁ፣ ምን ላድርግ።

እኔ ስገባ የጋሼ ሙላት ድርጅት ማለት አንድ በር ነበር። ከአስፋልቱ ወደ ሩዝ መፈልፈያዎቹ ሲታጠፉ፣ በአንድ ጎኑ ፀጉር ቤት፣ በሌላው ጎኑ ስልክ ላይ ዘፈን የሚጭን ልጅ ሱቅ፣ መካከል ላይ ጣሪያው በሩዝ አቧራ የነጣ አንድ ክፍል። በሩ ላይ በቀይ ቀለም «ሙላት ሚዛን ጥገና» ይላል፤ «ጥገና» የምትለው ቦታ አልበቃት ብላ ወደ ታች ትታጠፋለች። ከመፈልፈያው ጓሮ የሚቃጠለው የሩዝ ገለባ ጭስ ልብሳችን ውስጥ ገብቶ አይወጣም ነበር። ያኔ እኛ ሴቶች ጠባብ ጅንስ ላይ አጭር ቀሚስ መደረብ ፋሽን አድርገነው፣ እናቶቻችን «ሱሪውን ወይ ቀሚሱን፣ አንዱን ምረጭ» እያሉ ይጨቀጭቁን ነበር። የመናኸሪያው ሻይ በሁለት ብር ነበር፣ ያውም ብርጭቆው አፍ ድረስ ሞልቶ። ዛሬ ስንት እንደሆነ አልናገርም፤ ይኸን የሚያነብ ሁሉ ያውቀዋል፣ ለዛሬ መናደጃም በቅቶኛል። ዘፈን የሚጭነው ልጅ ደግሞ ድምፅ ማጉያውን በሩ ላይ ደቅኖ ያንኑ አንድ ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይመላልሰው ነበር። ጋሼ ሙላት ሚዛን አጎንብሰው ሲያስተካክሉ ትከሻቸው ሳይታወቃቸው ይነቀነቅና፣ «ትርንጎ፣ ሂጅ ያንን ልጅ ዝም አሰኝልኝ፣ ግራሙን አስረሳኝ» ይሉኛል። ሄጄ አዘጋዋለሁ። ትንሽ ቆይተው «ምነው ዝም አለ?» ይላሉ።

የገባሁትም በጠብ ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ነጥቡ ሳይመጣልኝ ቀርቶ፣ ቤት ተቀምጬ ከግድግዳው ጋራ ስጣላ የከረምሁበት ጊዜ ነበር። አባቴ ሩዝ ወደ ገበያ ሲያወጣ አብሬው ወጣሁ። ቤት የመዘንነው ማዳበሪያ ሙሉ ሩዝ ነጋዴው ሚዛን ላይ ሲወጣ ጎደለ። ጮኽሁ። ሰው ተሰበሰበ። ነጋዴው «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሚዛኑን የጠገነው ሙላት ነው» አለ። እኔም ቀጥ ብዬ ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ሄድሁና «ይኸን ሌባ ሚዛን ያስተካከሉት እርስዎ ነዎት?» አልኋቸው። ጋሼ ሙላት ቀና ብለው አዩኝ። አልተቆጡም። በሩን ቆለፉ፤ አንድ የእንጨት ሳጥን አውጥተው አሸከሙኝና «ምሪኝ» አሉኝ። ሳጥኑ ውስጥ ከትልቅ እስከ ትንሽ በየጉድጓዳቸው የተደረደሩ የናስ የሚዛን ድንጋዮች ነበሩ። ጋሼ ሙላት ድሮ የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ዕቃ ያዥ ነበሩና፣ ሚዛን የሚፈተሸው በእነዚህ ነው ብለው ያምናሉ፤ በሌላ በምንም።

ገበያው መሀል ድንጋዮቹን አንድ በአንድ ሚዛኑ ላይ አስቀመጡ። ሰው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል። ጎደለ። ደገሙት፣ ጎደለ። ነጋዴው ፊቱ አመድ መሰለ፤ ዱላውን ያጠበቀም ገበሬ ነበር። ጋሼ ሙላት ባዶ ሣጥን ላይ ወጡና፣ «ስሙኝ፣ ወገኖቼ። ይኸን ሚዛን ያጎደልሁት እኔ ነኝ። ሽቦውን ስመልስ አዛብቼ መልሼዋለሁ። ነጋዴው አያውቅም፤ እሱን የሚነካ እኔን ይንካ። ባለፈው ሳምንት በዚህ ሚዛን የሸጠ ይምጣ፣ እንተሳሰባለን» አሉ። ከዚያ አንዲት ሽንኩርት ሻጭ «እንዲህ ያለውን ሰው ምን አድርጉት ይባላል?» አለች፣ ሰው ሳቀ፣ ዱላውም ወረደ። ስንመለስ ሳጥኑን እንደተሸከምሁ «ነገ በጠዋት ነይ፣ የምትጮኽ ሰው እፈልጋለሁ» አሉኝ። እንዲህ ተቀጠርሁ።

የቤቱ ሕግም ይኸው ሆነ። የጠገንነው ሚዛን ከተሳሳተ፣ ገበያ ወጥቶ የሚናገር ራሱ ጠጋኙ ነው። እኔም ወጥቼ የተናገርሁበት ቀን አለ። እናም እወቁልኝ፣ ድርጅቱን ያሳደገው ማስታወቂያ አይደለም፣ ይኸው ነው። ከደራ እስከ ሊቦ ሚዛኑን በአህያ ጭኖ የሚመጣው ሰው «ሙላት ቢያጠፋም ይናገራል» ብሎ ነበር የሚመጣው።

አንድ ክረምት፣ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳው ከጣና ጋራ ሲገናኝ፣ ወባውም ሲጠና፣ አንድ የጤና ባለሙያ ማይክሮስኮፕ በፎጣ ጠቅልሎ መጣ። መስታወቱን ሻጋታ በልቶታል። ጋሼ ሙላት ከፈቱት፣ ጠረጉት፣ መለሱት፤ ከዚያ «እዪ» አሉኝ። የትንኝ እግር ነበር። ፀጉር አለው። የዚያን ቀን ምሳ አልበላሁም፤ ያገኘሁትን ሁሉ ከሥሩ እያስገባሁ ሳይ ዋልሁ፤ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የሩዝ አቧራ፣ የራሴን ጥፍር። ጋሼ ሙላት ከኋላየ ቆመው «ይኸ ቤት አንድ ቀን ሲያድግ የማሽኑ ወንበር ያንቺ ነው» አሉኝ። እኔ አልጠየቅኋቸውም። ራሳቸው ናቸው ያሉት።

ከማይክሮስኮፕ በኋላ ነገሩ እንደ ክረምት ሣር ነው ያደገው። ትምህርት ቤቶች መጡ፣ ክሊኒኮች መጡ። የሩዝ እርጥበት መለኪያ አስመጣን። ያኔ ሩዝ ገዢ ሁሉ ፍሬውን በጥርሱ ነበር የሚፈትነው፤ «ቀጭ» ካለ ደርቋል ነው። አንድ ሽማግሌ ነጋዴ መለኪያውን አገላብጠው አይተው «የእኔ ጥርስ ባትሪ አይጨርስም» ብለው መለሱልን። ከዓመት በኋላ ጥርሳቸው ሲወልቅ መጥተው ገዙ። ማስታወቂያው ተቀየረ፣ «ሙላት የሳይንስ መሣሪያዎች» ተባለ። ከዚያ የዘር ምርመራ መጣ፣ ከዚያ የከብት ደም፣ ከዚያ ባለአክሲዮኖች፣ ከዚያ ሕንፃ። አሁን በሩ ላይ በሚበራ ፊደል «ሙላት የሕይወት ሳይንስ» ይላል። ፊደሉ የበራ ዕለት የደብራችን ቄስ በዚያ ሲያልፉ ቆመው አነበቡና «ሙላት፣ ሕይወት መሸጥ ጀመርህ?» አሏቸው። «ኧረ አባ፣ እመረምራለሁ እንጅ አልሸጥም።» «አይ፣ ዋጋው ሳይወደድ ልገዛ ነበር» ብለው ሄዱ። እኔ ያን ቀን የሳቅሁትን ያህል ከዚያ ወዲህ በዚያ ሕንፃ ውስጥ አልሳቅሁም። በሩ ላይ ዘበኛ ቆሟል። በየጠዋቱ «ለምን ጉዳይ ነው?» ይለኛል። የድሮውን በር ቀለም ያደስሁ ሰው ነኝ፣ ለምን ጉዳይ እንደመጣሁ ለእሱ አስረዳለሁ። ቦታየ ከደረጃው ሥር ያለችው የሚዛን መጋዘን ሆነች። ወንበሩስ ስል «ታገሽ» ነው መልሱ። ታገሥሁ፣ ታገሥሁ፣ መታገሥ ራሱ ሥራ መሰለኝ።

እንግዲህ ወተቱ መጣ። ባሕር ዳር ያለ ወተት ገዢ ወተቱ ተመርምሮ ካልሆነ አልወስድም አለ፤ የይፋግ የወተት ማኅበርም ከእኛ ጋራ ተዋዋለ። ለሴቶቹ ትንንሽ የመስታወት ብልቃጥ ታደለ፤ ወተት ሞልተው ይልካሉ። ምርመራው እንዲህ ነው፦ ወተቱ ላይ ጀርም ይጨመርበታል። ጀርሙ ከተባዛ ወተቱ ደኅና ነው። ካልተባዛ የሚገድለው ነገር አለ፣ ላሟ መድኃኒት ተወግታለች ማለት ነው። የመጀመሪያው ዙር ወተት ሲመረመር ጀርሙ አልተባዛም፤ በአንዳቸውም። ጋሼ ሙላት ደስታቸውን አልቻሉትም። «አያችሁ፣ ማሽኑ እንዴት እንደያዘ» እያሉ ውጤቱን ለማኅበሩ፣ ለገዢው፣ ለባለአክሲዮኖቹ በዚያው ቀን ላኩት። ማኅበሩ ወተት መቀበል አቆመ። ሴቶቹ «በመድኃኒት ሰው ልትጨርሱ ነው» ተባሉ።

ከእነዚህ ሴቶች አንዷ የእናቴ ታላቅ እህት እትየ ዓለሚቱ ናቸው። ደወሉልኝ። «እናንተ ልጆች፣ ለላሜ መድኃኒት ትሰጫለሽ አላችሁኝ? እኔ ለራሴ የራስ ምታት ክኒን የለኝ» አሉኝና ጆሮየ ላይ ዘጉት። ጋሼ ሙላትም «የአገራቸው ልጅ ነሽ፣ ሌላ ናሙና አምጭ» ብለው አዲስ ብልቃጥ አስይዘው ላኩኝ።

እትየ ዓለሚቱ ሰላም እንኳ ሳይሉኝ ብልቃጦቹን ተቀብለው ወደ ጓሮ ዞሩ። ቆዩብኝ። ስከተላቸው፣ የወይራ ፍም ላይ አጎንብሰው ብልቃጦቹን አንድ በአንድ በጭሱ ላይ ደፍተዋቸዋል፣ ልክ እንደ ወተት ማለቢያ።

«እትየ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ምን አደርጋለሁ፣ ዕቃሽን እያጠንሁልሽ ነዋ።»

«ማን አጥኑ አለዎት?»

«ማን ይበለኝ? ወተት ባልታጠነ ዕቃ ልሰጥ ነው? ያውም ለሐኪም? ጎረቤት ምን ይለኛል?»

«እንዲሁ እንዳለ ነው የሚፈለገው።»

«እንዳለማ ይሸታል። ጎማ ጎማ ይላል። እንኪ አሽትችው።»

«የሚያየው ማሽን ነው፣ እትየ። ማሽን ሽታ አይመርጥም።»

«እንግዲያ ማሽናችሁ ወግ አያውቅም።»

ተቀመጥሁ። «ባለፈውም አጥነውት ነበር?»

«ያለፈውንማ ሁለት ጊዜ አጠንሁት። አፉ ጠባብ ሆኖ ጭሱ አልገባ ብሎኝ።»

«ሌሎቹስ?»

«ማን ያላጠነ አለ? እኛ ቤታችን የታጠነ እየጠጣን ለሰው ያልታጠነ የምንልክ ምን ዓይነት ሰዎች ነን?»

ጭስ ጀርም ይገድላል። ለዚያ አይደል ወተት ማለቢያ የሚታጠነው፣ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ? ይኸን የማያውቅ ሰው በፎገራ ሜዳ አልተወለደም። እኔ አውቃለሁ፣ ጋሼ ሙላት ያውቃሉ፣ ብልቃጡን ያደለውም ልጅ ያውቃል። ሁላችን በታጠነ ወተት ያደግን ሰዎች ነን፤ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳ አፉን ከፍቶ «አታጥኑት» አላለም። የሚበራ ፊደል ሥር ስንገባ እናት እንደሌለን እንሆናለን መሰለኝ። ንዴቴ በማን ላይ እንደሚወርድ ጠፋኝ፤ በመጨረሻ በፍሙ ላይ ውኃ ደፋሁበት። እትየ ዓለሚቱ «ፍሙ ምን አደረገሽ?» አሉኝ። ከብዙ ልመና በኋላ ግማሹን ብልቃጥ ሳይታጠን፣ ግማሹን ታጥኖ፣ ከአንዲቱ ላም ወተት ሞልተው ሰጡኝ። ያልታጠነውን ሲሰጡኝ ፊታቸውን አዙረው ነው።

ማሽኑን የያዘው ዶክተር ሄኖክ የሚባል የእንስሳት ሐኪም ነው። ነገርሁት። ግንባሩን በመዳፉ መታና ሳቀ። «የኔ እናትም ታጥናለች እኮ! ደብረ ታቦር በሄድሁ ቁጥር እሱን ነው የምጠጣው» አለ። ሁለቱንም መረመረ። ያልታጠነው ደኅና፣ የታጠነው «መድኃኒት አለው»። ያው ላም፣ ያው ወተት። ተያይዘን ወደ ጋሼ ሙላት ወጣን። ሰሙን። ዶክተሩን አመስግነው አሰናበቱት። እኔን አስቀሩኝ፣ ሻይ አዘዙ፣ ያን ቀላል ነገራቸውንም ነገሩኝ።

«ጋሼ፣ ለምን ገበያ ወጥተን አንናገርም?» አልኋቸው። «እንደ ድሮው። ነገ የይፋግ ገበያ ነው።»

«ምን ብለን?»

«አጥፍተናል ብለን። አታጥኑ ብለን አልነገርናችሁም ብለን።»

«ገዢው ምን ይላል? ባለአክሲዮኖቹስ? ገና ከመጀመሪያው ቀን ማሽኑ ተሳሳተ ይላሉ።»

«ማሽኑ አልተሳሳተም፣ እኛ ነን እንጅ።»

«ሰው ይኸን አይለይም፣ ትርንጎ።»

«ያኔ ለይቶ ነበር። ሣጥን ላይ ወጥተው ሲናገሩ ለይቶ ነበር።»

መስኮቱን አዩ። ከታች የመፈልፈያው አቧራ ዛሬም እንደ ድሮው ይነሣል፣ መስታወቱ ግን አያስገባውም።

«ሴቶቹ ምን ጎደለባቸው?» አሉ። «ወተታቸውን እንቀበላለን። ይቅር ተባሉ ነው የምንለው። በሳምንቱ ይረሱታል።»

«ያልሠሩትን ነው ይቅር የምንላቸው?»

ያኔ ነው ያሉኝ። የሚዛን ልጅ ነሽ። ይኸ ሕይወት ነው። ብርጭቆውንም አላስቀመጡም። «ጠዋት መኪና ይወስድሻል» አሉኝ ቀጥለው፣ ለስለስ ብለው፣ እንደ ድሮው። «ጋወንሽን አሰፍቼልሻለሁ። በልክሽ ነው።»

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ጋወኑ ከደረጃው ሥር ባለችው መጋዘን ወንበር ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ኪሱ ላይ «ትርንጎ» ተብሎ በሰማያዊ ክር ተጠልፏል። ለበስሁት። በእውነት በልኬ ነበር። አውልቄ መልሼ አጠፍሁት። የናስ ድንጋዮቹን ሳጥን ከመደርደሪያው ሥር ሳብሁና አቧራውን በነጠላየ ጫፍ ጠርጌ ወደ ላይ ወጣሁ። ጋሼ ሙላት ስልክ ላይ ነበሩ።

«ጋሼ፣ ይኸን ሳጥን ልወስደው?»

ስልኩን በእጃቸው ሸፈን አድርገው «የምን ሳጥን?» አሉኝ። አዩት። ሳያስታውሱትም አልቀሩ፣ ፊታቸው ትንሽ ተለወጠ። «ውሰጅው» አሉ። «ማን ይፈልገዋል።»

የመጋዘኑን ቁልፍ ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥሁ። በሩ ላይ ዘበኛው ሳጥኑን አይቶ «ለምን ጉዳይ ነው?» አለኝ። «ለገበያ» አልሁት። የድርጅቱ መኪና ሞተሩ ተነሥቶ ይጠብቀኛል፤ ሾፌሩ በሩን ከፈተልኝ። አልፌው ወደ መናኸሪያ ወረድሁ። የይፋግ ሚኒባስ ሊሞላ አንድ ሰው ነበር የቀረው።

«ሳጥኑን ከላይ ልጫነው?» አለኝ ረዳቱ።

«ተወው፣ እይዘዋለሁ።»

ጭኔ ላይ አድርጌው ተቀመጥሁ። ረዳቱ በሩን ሳበና ጣሪያውን መታ፤ ሄድን።